ኩባያ ከጆሮው ሥር ይጀመራል

ብሩሼን ካስቀመጥኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ምን እንደምሠራ ይጠፋኛል። ስነቃ እጄ ቀድሞኝ ይነሣና ከመስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ግን የጸሎት መጽሐፌና የመድኃኒት ብልቃጥ ብቻ ነው። ነጭ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የጎረቤት ግድግዳ ይሁን የተሰጣ አንሶላ፣ ዓይኔ ከየት ተነሥቶ በምን ቀለም እንደሚሞላው ማሰብ ይጀምራል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ከፊቴ የነበረችውን ሴትዮ ነጠላ በሐሳቤ ቀብቼ ስጨርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ አገኘሁት።

ሥራዬ ኩባያ መቀባት ነበር። ነጭ፣ ልሙጥ፣ ባለ ጆሮ የሴራሚክ ኩባያ ከገበያ ይመጣልኛል፤ እኔ ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ባለችው ቤቴ ተቀምጬ በእጄ አስጌጠዋለሁ። አሁን ከተማው ውስጥ ፎቶ የሚያትም ማሽን ገብቷል፤ ሙሽሮች ፊታቸውን ኩባያ ላይ አሳትመው ወዲያው ይዘው ይሄዳሉ። ማሽኑን አልተቀየምኩትም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ቆሜ ሲሠራ አይቼ ወድጄዋለሁ። እኔን ሥራ ያስተወኝ እጄ ነው። መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው እማማ» አለኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እማማ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ከበሽታው ይልቅ እሱ ነው የከነከነኝ።

ስለ ሥራ ዘመኔ ሰው ሲጠይቀኝ ቶሎ ትዝ የምትለኝ የመጨረሻዋ ኩባያ ናት። ሥራውን ያስተማሩኝ አዴ ሰፊያ ናቸው፤ አዴ እኛ ሐረር ትልቅ ሴትን አክብረን የምንጠራበት ነው። እሳቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ኩባያ በገዛ እጄ አልይዝም ብለው፣ ልጃቸው በማንኪያ የምታጠጣቸው ሆነው ነበር። የመጨረሻዋን ኩባያ የሠራኋት እንደገና በእጃቸው ይዘው እንዲጠጡ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሳልናገር ግን እሷን መናገር አልችልም።

ወጣት ሳለሁ ታይፒስት ነበርኩ፤ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ስሙን በማላነሣው አንድ መሥሪያ ቤት። ቤተሰቦቼ ድሮ ከሸዋ ከመጡ ወታደሮች የሚወለዱ የሐረር ሰዎች ናቸው፤ ሴት ልጃቸው ቢሮ መግባቷ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነበር። አለቃዬ ጆሮው ለጉድ ነው። ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ የማሽኑን ድምፅ ብቻ ሰምቶ «አስካለ፣ አሁን ተሳሳትሽ» ይለኛል። ወረቀቱን ሳየው እውነቱን ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ኮምፒውተር ሲገባ ማሽኖቹን ጋሪ ላይ ጭነው ወሰዷቸው። እኛንም «ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ» አሉን። ጊዜው እስካሁን አላለቀም።

ሥራ በፈታሁ ሰሞን ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከጠዋት ወጥቼ በግንቡ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች እዞራለሁ። ሴቶቹ ለበዓል የቤታቸውን ውጭ ቀብተው፣ አንዱ ግድግዳ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ሮዝ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰማያዊ ሆኖ፣ ፀሐይዋ ስትወጣ ቀለሙ ከግድግዳው ወርዶ ልብሴ ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። የት እንደምሄድ ሳላውቅ እሄዳለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው ደንግጬ ነው የምመልሰው።

አንድ ቀን እንዲሁ ስዞር ትልቁ ገበያ፣ ጊደር መጋላ፣ ዳውድ ሱቅ ፊት ቆምኩ። ዳውድ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ድስት፣ ቴርሞስ፣ ሰሃን፣ ከድሬዳዋ የሚያስመጣው ነጭ ኩባያ በመደርደሪያ ሙሉ። ከነጮቹ መሃል አንዷ ብቻ ቀለም ነበራት። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር እንደ ትናንሽ ደረጃ እየወጣ ዙሪያዋን ይዞራል። ሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ስፌት የተወሰደ ጥለት ነው። ስፌቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ኩባያ ላይ ወጥቶ ግን አይቼው አላውቅም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

«አቦ፣ ልትገዣት ነው ልታገቢያት? ቆመሽ ቀረሽ እኮ!» አለኝ ዳውድ።

«ማን ነው የሠራት?»

«አዴ ሰፊያ ናቸዋ። ኤረር በር መውረጃው ላይ፣ አረንጓዴው በር። ሂጂ፣ ዳውድ ላከኝ በያቸው። መጀመሪያ ያባርሩሻል፤ እሱን አትቁጠሪው።»

እንዳለውም አባረሩኝ። በማግስቱ ሄድኩ፤ ደገሙኝ። በሦስተኛው አስገቡኝ። ግቢውን አልፎ ያለው ክፍል ቀዝቀዝ ያለ፣ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ስፌትና ሰሃን የተሰቀለበት ነው። አዴ ሰፊያ በቀይ ቀለም የተቀባ፣ ነደባ በሚሉት መደብ ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ኩባያ።

«ምን ልትገዢ ነው?»

«ልማር ነው የመጣሁት፣ አዴ።»

«እጅሽን አምጪው።» ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርገው አዩ። «ምን ስትሠሪበት ነበር? ጣትሽ እኮ ደንዝዟል።»

«ማሽን ነበር የምመታው፣ ታይፕ።»

«ያስታውቃል። ነገ ነይ፣ ኢንሻአላህ። ማሽኑን ቤትሽ ትተሽው ነይ።»

የአዴ ሰፊያ ልማድ ብዙ ነው፤ ዛሬም እጄ ውስጥ አለ። አዲስ ኩባያ ሲመጣላቸው ከመቀባታቸው በፊት ቁጢ ይጠጡበታል። ቁጢ የቡና ቅጠል በወተት ፈልቶ ጨው ጣል የሚደረግበት የሐረር መጠጥ ነው። ለምን እንደሚጠጡ ስጠይቃቸው «መጀመሪያ ልወቀዋ!» አሉኝ። ጆሮው ለጣት ይጠብ እንደሆነ፣ ከንፈሩ ወፍራም እንደሆነ፣ ሲሞላ የሚከብደው በየት በኩል እንደሆነ በዚያ ይለዩታል። ከዚያ በሎሚ ያጥቡታል፣ ያደርቁታል፤ ከደረቀ በኋላ ውጩን በጣት መንካት የለም። ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገብቶ ከፈት በማድረግ ከውስጥ ነው የሚያዘው። የጣት ወዝ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ለጊዜው የያዘ መስሎ ምድጃ ሲገባ ይላጣል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጡት በአጀማመሩ ነው። ጀማሪ ሰው ጥለቱን ከፊት ለፊት ይጀምራል፤ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ። ዞሮ ሲመለስ ግን አይገጥምለትም፤ ወይ ይተርፋል ወይ ያንሳል፣ ጉዱም መሃል ፊቱ ላይ ይወጣል። እኔ ብዙ ኩባያ እንዲህ አድርጌ አበላሽቻለሁ። አዴ ሰፊያ ኩባያውን ከእጄ ይቀበሉና ጆሮውን ወደ እኔ አዙረው «ከዚህ ሥር!» ይሉኛል። «እዚህ አውራ ጣት አለልሽ፤ ያልገጠመውን ይሸፍንልሻል።» ብሩሹ ቆሞ ኩባያው ነው የሚዞረው። ከላይ ከንፈር የሚነካው ቦታ ባዶውን ይቀራል፤ ውስጡ አይነካም፤ ቀለም ለዓይን እንጂ ለሆድ አልተሠራም ይሉ ነበር። ጥሩ ስሠራ ምንም አይሉኝም። ስሠራ ብውል ብውል ዝም ካሉኝ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው።

ቀለሙ እንዳይለቅ ኩባያውን ለመጋገር ከኤረር በር ዝቅ ብሎ ያለው ጋሽ ባልቻ ዳቦ ቤት እንሄዳለን። ዳቦው ወጥቶ የእንጨት ምድጃው እየበረደ ሲሄድ ኩባያዎቻችንን በቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ያስገባልናል። አብሮ ተቀምጦ መጠበቅ ነበር ሥራው። የዳቦው ሽታ፣ የግድግዳው ሙቀት፣ በር ላይ የምትተኛው ድመት፣ እኔ በዚያ ሁሉ መሃል ቁጭ ብዬ እያሸለብኩ የማያቸው ጥለቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹን ኋላ ሠርቻቸዋለሁ፣ ብዙዎቹ ግን ስነቃ ይጠፉብኛል። ምድጃውን ቶሎ የከፈተ ሰው ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ኩባያው ተሰነጠቀ ማለት ነው። ጋሽ ባልቻ «ትዕግሥት የሌለው ሰው ኬክ ይብላ፤ እኔ ጋ አይምጣ» ይላል። ኬክና ትዕግሥት ምን እንደሚያገናኛቸው ጠይቄው አስረድቶኝ አያውቅም።

ቆይቼ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን መሥራት ጀመርኩ። ዳውድ ነጩን ይሰጠኛል፣ የተቀባውን ይወስዳል፤ አለቃዬ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ «ፈረንጆች ጅብ ይወዳሉ፣ ጅብ ሥሪልኝ» አለኝ። ሠራሁለት። ረጅም ጊዜ አየውና «ይኼ ፍየል ነው» አለኝ። ፍየል ነው እያለ ሸጦ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ እንስሳ አላዘዘኝም።

ደግሞ አንድ ወጣት ፖሊስ ነበር፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ። የአንዲት ልጅ ስም በቀይ ጻፊልኝ አለኝ። ጻፍኩ፣ ጋገርኩ፣ ወሰደ። ሳምንት ሳይሞላው ኩባያውን ይዞ ተመለሰ፤ ዓይኑን መሬት ተክሎ «እትዬ፣ ይኼ ስም ይጠፋል?» አለኝ። የተጋገረ ቀለም አይጠፋም። ልጁ ሲያሳዝነኝ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ በስሙ ላይ አበባ ሠራሁበት፣ ቅጠል ጨመርኩበት፣ ፊደሉ ግንድ ሆነ። ሌላ ሴት አግብቶ ልጆች ወልዷል። ሚስቱ ያን ኩባያ እንደምትወደው ነግራኛለች፤ አበባው ከሌላው ሁሉ ቀላ ያለ ነው ብላ። እኔ ምን አገባኝ፣ ሻይዋን ትጠጣበት።

የአዴ ሰፊያ ዓይን ቀስ እያለ ነው የሄደው። መጀመሪያ ቢጫና ነጭ መለየት ተቸገሩ። ከዚያ ቢጫውን «ያን የፀሐዩን» እያሉ እኔን ማስመጣት ጀመሩ። ከዚያ ብሩሹን ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ረስተውት የቀሩ መሰለኝ፤ አልረሱትም፣ የት እንዳስቀመጡት አላዩትም። ሐኪም ቤት ተወስደው ነበር፤ ጊዜው አልፏል ተባለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ያየሁት ይበቃኛል» ብለው መሥራቱን ተዉት። እንዲህ ሲሉ ከልባቸው መስሎኝ ነበር።

ልባቸው የተሰበረው ሌላ ቀን ነው። ዘመድ ለሰርግ ጥሪ ይዞ መጥቶ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ልጃቸው ኢክራም ቁጢ አቀረበች። አዴ ሰፊያ ኩባያቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ ስተው መቱት፤ ትኩሱ አጠገባቸው በተቀመጠችው እንግዳ አዲስ ልብስ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አለች። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ኩባያ አልያዙም። ኢክራም ስታቀብላቸው «እጄ ሞቷል፤ በማንኪያ ስጪኝ» ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የሚጠጡት እያነሰ ሄደ። ያን ሁሉ ኩባያ ለከተማው ሰው የሠራች እጅ ማንኪያ ስትጠብቅ ማየት አቃተኝ። ኢክራም በር ድረስ ስትሸኘኝ «ሰውነቷ እየደረቀ ነው አስካለ፤ እኔንም አትሰማኝም» ብላ አለቀሰች።

ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ ላይ አንዲት ልጅ በር ላይ ተቀምጣ የጓደኛዋን እጅ በሂና ኮን ስትሞሽር አየሁ። ሂናው ከሾጣጣው የላስቲክ ጫፍ እየወጣ ቆዳው ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሲደርቅ ቢዳስሱት በጣት ይታወቃል። ቆምኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ መሰለኝ። ኩባያ ላይ ጥለቱን ከፍ አድርጌ፣ በነጠብጣብ በነጠብጣብ ከሠራሁት አዴ ሰፊያ በጣታቸው ያዩታል። ጥለታቸውን ካገኙ ኩባያውን ይይዛሉ። ይህን ሳስብ ደስታዬ እንደ ትኩሳት አደረገኝ።

ያን ጊዜ የራሴ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ነበረኝ። ወፍራሙን ቀለም ኮን ውስጥ አድርጌ ደረጃውን በነጠብጣብ ሠራሁ፤ ሲነካ አይጣበቅም፣ ደረቀ ብዬ ጋገርኩት። ሲወጣ ያምራል። በማግስቱ ይዤው ሮጥኩ።

«አዴ፣ ይቺን ይዳስሱልኝ፤ የእርስዎ ጥለት ናት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ጣታቸው ኩባያው ላይ አረፈ፣ ነጠብጣቡን አገኘ፣ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ጣታቸው ቆመ። ነጠብጣቡ ከሥሩ ተላቆ እንደ ደረቀ ሊጥ ፍርፋሪ መዳፋቸው ላይ ረገፈ። አንዱን ሲነኩ ሌላው ይወድቃል። ፍርፋሪውን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«አየሽ?» አሉኝ በቀስታ። «የነካሁት ሁሉ ይረግፋል።»

«የእርስዎ እጅ አይደለም አዴ፣ የቀለሙ ነው፣ የእኔ…»

«ተዪው ልጄ።» ተመልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ኩባያ ሰብሬአለሁ፤ ሰው ልብ ላይ የሰበርኩት ያን አንዱን ነው። ሳምንታት ያህል ወደዚያ ቤት መሄድ ፈራሁ። ኢክራም ስልክ ደውላ «ማንኪያውንም መቀነስ ጀምራለች» አለችኝ። እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያን ሰሞን ነው፤ ሐኪሙ ዕድሜ ነው ቢልም እኔ ግን አላመንኩትም።

የረገፈውን ኩባያ ጋሽ ባልቻ ጋ ይዤው ሄድኩ። አርጅቷል፤ ምድጃውን አሁን የሚያቀጣጥለው ልጁ ነው፣ እሱ በር ላይ ተቀምጦ ያዛል። ኩባያውን አገላብጦ አየው።

«ድፎ ዳቦ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ሲሆን አይተሽ አታውቂም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? ላዩ ደርቋል፣ ሆዱ አልደረቀም። እሳት ሲነካው ሆዱ ያብጥና ከሥሩ ይነቀላል። ቀጭን ቀጭን አድርገሽ ደራርቢው። ያንን የኤሌክትሪክ ጉድሽንም ተዪውና እዚህ አምጪው፤ እሱ ለኬክ ነው።»

እንዳለኝ አደረግሁ። አንድ ነጠብጣብ ላይ ቀጭን ቀለም፣ እሱ እስኪደርቅ ማደር፣ በላዩ ሌላ ቀጭን። አቧራ እንዳይነካው ወንፊት ደፋሁበት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ አስሬ ነው የምሠራው፤ ጎረቤቴ ገብታ አይታኝ «ምነው፣ ማን አሠረሽ?» ብላ ደንግጣለች። አንዱ ነጠብጣብ ከመስመሩ ሲወጣ ጠርጌ እንደገና። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ከኩባያው አንድ ወገን ተነሥቶ በሌላው ሲጠልቅ እያየሁ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ ሳላውቅ የምውልበት ጊዜ ነበር። ከጆሮው ሥር ጀምሬ ከጆሮው ሥር ጨረስኩ። ጋሽ ባልቻ ራሱ ተነሥቶ ኩባያዋን በመጀመሪያ ከምድጃው አፍ ላይ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ እየገፋ አስገባት። በርዳ ስትወጣ በጥፍሬ ቧጠጥኳት። አልረገፈችም።

ስሄድ ከሰዓት በኋላ ነበር። በግቢው በር የገባው ብርሃን ነደባው ጫፍ ላይ ተኝቷል። አዴ ሰፊያ ጋደም ብለዋል፤ ከስተዋል። ኢክራም ቁጢ አፍልታ ማንኪያውን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«አስካለ መጥታለች» አለቻቸው።

«አውቄያታለሁ። ቀለም ቀለም ትሸታለች።»

«አዴ፣ ሌላ ኩባያ አምጥቻለሁ።»

«ያቺ አትበቃንም?»

«ይቺ አትረግፍም።»

«ኢንሻአላህ በይ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም። ኩባያዋን ከእጃቸው አጠገብ ነደባው ላይ አስቀመጥኳት። ውጭ የሆነች ሴት አትክልት እየጠራች አለፈች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጆሮውን ነካ፣ በጆሮው ሥር ገባና መነሻውን አገኘ። ከዚያ መሄድ ጀመረ። ጥቂት ሄዶ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ቆመ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ተገልብጧል» አሉ።

«ምኑ?»

«ደረጃው። የእኔ ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ነው የሚወጣው። ቁርኣን ቤት ያስለመዱኝ እጅ ነው። ይኼ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይወጣል።»

የገዛ እጄን አየሁት። ፊደል የቆጠርኩት ከግራ ነው፤ ታይፑም ከግራ ነው የሚሄደው። ያን ሁሉ ዘመን የእሳቸውን ጥለት የምሠራ እየመሰለኝ በራሴ በኩል ስሄድ ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን አላየሁትም። እንባዬ መጣ።

«ያን ሁሉ ዓመት ሳበላሽ ነው የኖርኩት ማለት ነው» አልኩ።

«ማን አበላሸሽ አለሽ? ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? እጅሽን ቆርጬ የእኔን ልተክልልሽ?» ድምፃቸው ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ የድሮው ቁጣ ገባ። «ዳውድን ጠይቂው። ሙሽራ ሲመጣበት አንድ ከእኔ፣ አንድ ከአንቺ አንሥቶ ጥንድ አድርጎ ነው የሚሸጠው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንቺ ከወዲያ፣ የእኔ ከወዲህ ይወጣና መሃል ላይ ይገናኛሉ። ወላሂ፣ ይህን ሳታዪ ነው ያረጀሽው? ዓይኑ የጠፋው የማን ነው፣ የእኔ ነው የአንቺ?»

ኢክራም አፏን በሻርፗ ይዛ ሳቀች። እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ኩባያዋን አንሥተው ሥራ ላይ ነበሩ። አሁን ጣታቸው ከግራ ተነሣ፤ በእኔ በኩል፣ ደረጃ በደረጃ ወጣ፣ ወረደ፣ ዞረ፣ ጆሮው ሥር ደረሰ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ እጅሽ ተንቀጥቅጧል።»

ከሐኪሙ በቀር ለማንም አልተናገርኩም ነበር። «አዎ አዴ። አሁን እንዲህ ሆኗል።»

ምንም አላሉኝም። ነፃውን እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈለጉት፤ አገኙት፤ እስኪረጋ ድረስ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ለቀቁኝ።

«ኢክራም፣ ቁጢው በረደ እንዴ?»

«አልበረደም፣ እማ» ብላ ማንኪያዋን አነሣች።

«ማንኪያውን ተዪው። እዚህ ቅጂው።»

ኢክራም እኔን አየችኝ። እየፈራች ግማሽ ያህል ቀዳችላቸው። አዴ ሰፊያ በሁለት እጃቸው ያዙ። ኩባያዋ ተንቀጠቀጠች፤ ቁጢው ከከንፈሯ አልፎ በእጃቸው ላይ ወደ ክርናቸው ወረደ። ኢክራም ጨርቅ ይዛ ስትነሣ ቀሚሷን ጎተትኩ። «ቢስሚላህ» አሉና ጠጡ። እስከ መጨረሻው ጠጡ። አገጫቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፣ ባዶዋን ኩባያ ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«ጨው አንሶታል። ደግሞ ሙሉውን ቅጂ፤ ግማሽ ለሕፃን ነው የሚሰጠው።»